ኢንቨርተሩ ራሱ ስንት ይበላል?

ሶላር ለማስገባት ያሰበ ሰው የሚያወራው ስለ ፓነል ነው፤ ቀጥሎ ስለ ባትሪ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ኢንቨርተር ግን «ባለ ስንት ኪሎዋት ነው?» ከምትል ጥያቄ ያለፈ ክብር አያገኝም። እኔ ሶላር ያለበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

መሠረቱ ቀላል ነው። ፓነልና ባትሪ የሚሰጡት ዲሲ ነው፣ ቤታችን የሚሠራው በ220 ቮልት ኤሲ ነው፤ ቀያሪው ኢንቨርተር ነው። ሃይብሪድ የሚባለው ፓነሉን፣ ባትሪውንና የመብራት ኃይልን መስመር በአንድ ሳጥን የሚያስተዳድረው ነው። ባትሪ የሌለው ኦን ግሪድ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ መስመር ለሚጠግኑ ሠራተኞች ደህንነት ሲባል ሆን ተብሎ እንዲያ ተሠርቷል። መብራት ለሚሄድበት ቤት ሃይብሪድ ይሻላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ «ትልቁን ግዛ፣ አይቆጭህም» ከሚሉት ጋር ነው። ይቆጫል። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ በመቀመጡ ብቻ ኃይል ይበላል፤ ሳጥኑ በተለቀ ቁጥር ደግሞ ቀለቡ ይጨምራል።

አንድ ጎረቤቴ ቤታቸው ያለው ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና አምፖል ሆኖ ሳለ ባለ 10 ኪሎዋት ገዙ። ባትሪው ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊትየም ነው። «ሁሉን አጥፍቼ ተኝቼ ጠዋት ባትሪው ወርዶ አገኘዋለሁ፤ አሮጌ ሸጠውልኛል» ብለው ከሻጩ ጋር ሊጣሉ ተነሥተዋል። ሄጄ የቤቱን ብሬከር በሙሉ አወረድን። ስክሪኑ ላይ ጭነቱ 0 ዋት ይላል፤ ከባትሪው የሚወጣው ግን 2 አምፔር። ባትሪው 51 ቮልት ነው፤ ሲባዛ 100 ዋት ገደማ። በ24 ሰዓት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፣ የባትሪውን ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ደህና ፍሪጅ እንኳ በቀን ይህን ያህል አይበላም። «ጋሼ፣ ባትሪው ምንም አልሆነም፤ የሚበላብዎት ይሄ ነው» ብዬ ሳጥኑን አሳየኋቸው።

ቁጥሩ ድብቅ አይደለም። ማኑዋሉ መጨረሻ አካባቢ ባለው ሠንጠረዥ «ኖ ሎድ» ወይም «ስታንድባይ» በሚል ረድፍ ተጽፏል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። ባለ 5 ኪሎዋት ከሆነ 50 ዋት አካባቢ ሲሆን ደግ ነው። ትራንስፎርመር ያለው ከባዱ ዓይነት የውሃ ፓምፕ ለማስነሣት ጉልበት አለው፤ ቀለቡም እንደ ጉልበቱ ነው። «ኃይል ቆጣቢ ሞድ አለው» የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። እውነቱን ነው፤ ግን ጭነቱ ሲያንስ ስለሚተኛ ዋይፋዩንም ይዞት ሊተኛ ይችላል።

«ምጣዱስ?» ትሉኛላችሁ። ትልቅ የሚያስገዛው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት አንዴ ለሚጋገር እንጀራ ሲባል ሰባቱንም ቀን ትልቅ ሳጥን መቀለብ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? ምጣዱን በቀጥታ ከቆጣሪው መስመር ላይ ተዉት፤ መብራት ሲኖር ጋግሩ።

ጥቂት ትርፍ ግን ያዙ። ብዙ ማኑዋሎች ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ኢንቨርተሩ ሙሉ አቅሙን እንደማይሰጥ ይናገራሉ፤ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትመኑት።

ፓነል የምትቀጥሉ ኤሌክትሪሺያኖችም አደራ። ፓነል ጀርባ የተለጠፈው ቮልት በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ሲበርድ ይጨምራል። 50 ቮልት የሚሰጡ አሥር ፓነሎችን ከፍተኛው 500 ቮልት ለሆነ ኢንቨርተር በተከታታይ መቀጠል በወረቀት ላይ ልክ ይመስላል፤ የታኅሣሥ ብርድ ባለበት ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ግን ሊያቃጥለው ይችላል። ዘጠኝ ይበቃል።

ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማኑዋሉን አስወጡና ያቺን «ኖ ሎድ» የምትል ረድፍ አንብቡ። ሻጩ ማኑዋሉን ሊያሳያችሁ ካልፈለገ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።