መጋቢት ሲገባ ጓሯችን ላይ ምን እንትከል?

የበልጉ ዝናብ የካቲት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ጣል አድርጎ ጠፋ። ተስፋ ቆርጬ የቧንቧ ውኃ በጀሪካን ማጠራቀም ስጀምር ባለፈው ሳምንት ተመለሰ። ኮተቤ ያለው የግቢያችን አፈር አሁን በእጅ ሲጨብጡት ይያያዛል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ከዚህ የተሻለ የመትከያ ምልክት አላውቅም። ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል አደይ አበባና መስከረም ይታየዋል። በአገራችን የወቅት አከፋፈል ግን ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ በዚህ ሰሞን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ በዚህች መሬት ላይ ምን ልትከል?

የእኔ መሬት 5 ሜትር በ3 ሜትር ናት። አራት ጠባብ መደብ ይወጣታል። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። ቶሎ የሚደርሰውንና ብዙ የሚሰጠውን መትከል ነው ብዬ አራቱንም መደብ በጎመንና በቆስጣ ሞላኋቸው። ይህ የሆነው የዛሬ 3 ዓመት ነው። ዝናቡም አላሳፈረኝም። ሚያዝያ ሳያልቅ ቅጠሉ ከእኛ አልፎ ለጎረቤት ተረፈ። የዚያን ጊዜ ኩራቴን ብታዩ!

ባለቤቴ የልብ ምታቸው ሥርዓት የለውም። በዚህ ምክንያት ልብ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ለዓመታት ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ክኒን ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ልኩን መጠበቁ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ለእሳቸው የታዘዘው ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዲሆን ነው። ከዚያ ሲወርድ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ሲያልፍ ደግሞ የመድማት አደጋ ይመጣል። ሁልጊዜ 2.4 እና 2.5 አካባቢ ነበሩ። የምርመራው ቀን ገና ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ቡና እየጠጣን ሳለ ስኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። “ምን ሆኑ?” ስላቸው የመለሱልኝ ቃል አልተያያዘም። አፋቸው ወደ አንድ በኩል ሸፈፍ ብሏል።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ አለፈ። እጃቸው ተመለሰ፣ አንደበታቸውም ተፈታ፤ “አሁን ደህና ነኝ፣ ቡናውን ድገሚኝ” አሉ። እኔ ግን አልቀመጥኩም። እዚህ ላይ አንባቢን ቆም አደርጋለሁ። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ፣ ቢያልፍም ባያልፍም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። አልፏልና ይረፉ ብሎ ማስተኛት ሰው ያስከፍላል።

የዚያን ቀን አይ ኤን አሩ 1.4 ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ ሐኪም ክኒኑ መዘለሉን ጠየቀ። አልተዘለለም፣ በየማታው የምሰጣቸው እኔ ነኝ። አዲስ መድኃኒት? የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ “ሲስተር፣ በቅርቡ ቤት ውስጥ ምን የተቀየረ ነገር አለ?” አለኝ። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ። የተቀየረው ጓሮው ነበር። ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ አንዳንዴም ምሳና ራት፣ ጎመንና ቆስጣ በልተናል። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ቫይታሚን ኬ ይበዛበታል። ይህ ቫይታሚን ደም እንዲረጋ የሚረዳ ነው፤ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው እሱኑ በመቃወም ነው። ይህን ስንት በሽተኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስተምሬያለሁ! ጥፋቱ ጎመኑ ብቻ ነው ብሎ ሐኪሙም አልማለ፣ እኔም አልምልም። ሌላ የተለወጠ ነገር ግን አላገኘንም።

ከዚያ ወዲህ መጋቢት ሲመጣ መጀመሪያ የማስበው መሬቱን አይደለም። ማዕዱ ላይ እነማን ይቀመጣሉ? ምን ይወስዳሉ? ምን ያንሳቸዋል? ብዬ ነው የምጀምረው። ዘንድሮ አራት ነን፤ ባለቤቴ፣ እኔ፣ ሁለተኛ ልጇን ያረገዘችው ልጃችን፣ ጎመን ሲያይ ከንፈሩን የሚያሸው የ5 ዓመት የልጅ ልጃችን።

ጎመንን አላባረርኩም። ይህ በደንብ ይሰማልኝ፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቅጠል ይተው የሚባለው ስሕተት ነው። የሚፈለገው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የሚያዋዥቀው ትልቁ ነገር ጾሙ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን በየዕለቱ ጎመን ሲበላ የከረመ ሰው የፋሲካ ዕለት አቁሞ ወደ ዶሮና ክትፎ ሲዞር መድኃኒቱ በድንገት ሊበረታበት ይችላል። ጾም ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። እኔና ባለቤቴ ከሐኪማቸው ጋር ተማክረን ቀላል ሥርዓት አበጀን። ረቡዕና ዓርብ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ኀምሳ ቀናት በቀር ጾም ስለሆኑ ጎመን ዓመቱን ሙሉ የእነዚያ ሁለት ቀናት ምግብ ሆነ፣ ያውም አንድ ጭልፋ። በትልልቆቹ አጽዋማትም ከዚያ አይዘልም፤ የቀሩትን ቀናት ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች በካሮት ይሸፍኑታል። ጾም ሲገባና ሲወጣ ምርመራውን ቀረብ ቀረብ አድርገን እናስደርጋለን።

አሁን የሚተከል ጎመን ለሁዳዴ እንደማይደርስ አስቡበት። ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ቅጠል ለመሰብሰብ ከአምስት ሳምንት ያላነሰ ይፈልጋል። የሚጠቅመው ለሰኔው የሐዋርያት ጾም፣ ከተያዘም ለነሐሴው ፍልሰታ ነው። ስለዚህ አንድ ግማሽ መደብ ላይ 12 እግር የሐበሻ ጎመን፣ ከጎኑ 4 እግር ቆስጣ ወስኛለሁ። ከታች ያለውን ቅጠል እየሸለቀቁ ከላይ ያለውን ቢተዉለት ጎመን ለወራት ይሰጣል። ቆስጣን ያሳነስኩት በሌላም ምክንያት ነው። ያለበትን ብረትና ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ስለሚይዘው ከሚታየው ያነሰ ነው ለሰውነት የሚደርሰው። በዚህ በኩል ጎመን ይሻላል።

ከጎመኑ ይበልጥ የምትበላው ነፍሰ ጡሯ ናት። ለእሷ ጎመኑ ብዙ አይቀቀልም፣ ውኃውም አይደፋም፤ ፎሌትና ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በውኃ ይጠፋሉ። ሎሚ ይጨመቅበታል ወይም ጥሬ ቃሪያ ይቆረጥበታል፣ ምክንያቱም የቅጠል ብረት በቫይታሚን ሲ ታግዞ ነው በደንብ የሚገባው። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ያግዱታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ ስላት “እማዬ፣ ቡና ልትከለክይኝ ነው?” ብላ ትቆጣለች፤ አልከለከልኩም፣ አዘገየሁ እንጂ። ከሁሉም በላይ ጓሮው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን አይተካም። አያቶች “ጎመን ብይበት፣ ክኒኑ ይቅርብሽ” ስንል እሰማለሁ። እባካችሁ አንበል።

አንዱ ሙሉ መደብ የካሮት ነው፤ ባለቤቱም ልጁ ነው። አምና በገዛ እጁ የነቀለውን ካሮት ቧንቧ ሥር አጥቦ ሲቆረጥመው ካየሁ ወዲህ ክርክር አቁሜያለሁ። ካሮት መዛወር አይወድም፣ ሥሩ ይጣመማል፤ እዚያው ቦታው ላይ ነው የሚዘራው። ዘሩ ለመብቀል ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትገለብጡት። የበልግ ዝናብ በኃይል ሲወርድ አፈሩን ደፍኖ ቡቃያውን ስለሚያፍነው እኔ እስኪበቅል ድረስ ስስ ሣር አለብሰዋለሁ። ጣት በሚያህል ርቀት ማሳሳትም ግድ ነው። ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። ሲበስል ጠብታ ዘይት ይግባበት፤ በውስጡ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ያለ ስብ በደንብ አይዋሃድም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም በካሮት ምክንያት አይቅር። ካሮት ያበዛ ልጅ መዳፉ ቢጫ ቢል አትደንግጡ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ ግን ጉበት ነው የሚጠረጠረው፣ ሐኪም ይየው።

ሦስተኛው መደብ ላይ ቀይ ሥር አለ። አንዷ ሸካራ ፍሬ ብዙ ዘር የያዘች ስለሆነች ሁለትና ሦስት ሆኖ ይበቅላል፤ አንዱን ትቶ ሌላውን መንቀል ነው። ለባለቤቴ ሥሩ ምንም አይልም፣ ቫይታሚን ኬው ጥቂት ነው። ቅጠሉ ግን እንደ ቆስጣ ስለሆነ የእኔና የልጄ ድርሻ ይሆናል። ቀይ ሥር አንድ የሚያስደነግጥ ጠባይ አለው። አንዳንድ ሰው በልቶት ሲያድር ሽንቱ ቀይ ይሆናል። በሥራ ዘመኔ “ልጄ ደም ሸና” ብላ እየሮጠች የመጣች እናት አጋጥማኛለች፤ ትናንት ምን በላ? ስትባል መልሱ ቀይ ሥር ሆነ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን በዚህ ሊቀልድ አይገባም። ቀይ ሥር ሳይበላ ሽንቱ ከቀላ፣ ድዱ ከደማ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ያን ቀን አይደር።

የመጨረሻውና የጎመኑ ተራፊ ቦታ ለሰላጣ ነው። ሰላጣ ከገበያ ርካሽ ነው፣ ለምን መሬት ይበላል? ትሉኝ ይሆናል። የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ እንደሚቀበሉ፣ በዚያ ውኃም አትክልት እንደሚለማ አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ጎመን በእሳት ያልፋል፤ ሰላጣ ግን ጥሬውን ነው የሚበላው። የአሜባና የወስፋት በሽተኛ ሳስተናግድ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በጥሬው የሚበላውን በማውቀው ውኃ ማጠጣት እመርጣለሁ። በዚሁ ምክንያት እርጥብ ፍግ ጓሮዬ አይገባም፤ ወራት ተከምሮ፣ ሽታው ጠፍቶ አፈር የመሰለው ብቻ ነው የሚገባው። ሰላጣውን በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እፍኝ እየዘራሁ ነው የማዳርሰው። የዛሬ 3 ዓመት ያሳተኝ አንዱ ነገር ሁሉንም በአንድ ቀን መትከሌ ነበር። ሁሉም በአንድ ቀን ሲደርስ እንዳይበላሽ ተብሎ ይበላል።

ቲማቲም ዘንድሮም አልተከልኩም። አሁን የተዘራ ቲማቲም ፍሬ የሚይዘው ሐምሌ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ቅጠሉ በዋግ ተቃጥሎ ፍሬው ሳይቀላ ይበሰብሳል። ዝናቡ ሲወጣ፣ መስከረም መጨረሻ፣ ተራው ይደርሳል። ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በዚህች መሬት አይታሰቡም። ለዱባ ግን መደብ አያስፈልግም፤ አጥሩ ሥር ሁለት ጉድጓድ ምሼ ብስባሽ ሞልቻለሁ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሦስት ፍሬ ይገባባቸዋል። ሐረጉ አጥሩን ይዞ ይወጣል፣ ጎረቤቴም ከወዲያ በኩል የሚንጠለጠለው የእሷ እንደሆነ ከወዲሁ ነግራኛለች።

ከመዝራቴ በፊት የማደርጋት አንዲት ነገር አለች፣ ከሥራዬ የተረፈች ናት። ካለፈው ዓመት የተረፈኝን ዘር ከየዓይነቱ አሥር አሥር ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጎዝ ጠቅልዬ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ። እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውኃ አርከፈክፍበታለሁ። ከአሥሩ አምስት ካልበቀለ ዘሩ ለዶሮ ነው። ቀይ ሥሩ ስምንት፣ ሰላጣው ሰባት በቅሏል። ካሮቱ በ15 ቀን ሁለት ብቻ። የካሮት ዘር ቶሎ እንደሚያረጅ እያወቅኩ ቆጥቤ ነበር፤ ነገ ሱቅ እሄዳለሁ።

ጎመኑን የካቲት መግቢያ ላይ በአሮጌ ጣሳ አፍልቼው ስለነበር ችግኙ ደርሷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደመና ሲሆን አዛወርኩት። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ሲያዩኝ ቆዩና “ስንት እግር ነው ያልሽው?” አሉኝ።

“አሥራ ሁለት።”

“አሥራ አራት ቆጥሬያለሁ” አሉ። ሁለቱን ነቅዬ በአፈራቸው ጠቅልዬ ለጎረቤቴ ሰጠኋት።