ዳዶ ያረከሰው ጠመንጃ

ማሽን ሲነደፍ ወጪ የሚያንረው ብዙ ጊዜ ብረቱ ሳይሆን የባለሙያው ሰዓት ነው። ጥሩ ምሳሌ አለኝ፦ ኒኮላስ ብሩወር ነድፎት የአሜሪካው ሳቬጅ ኩባንያ በ1958 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የአደን ጠመንጃ፣ ሳቬጅ 110።

መቀርቀሪያውን በእጅ እየሳቡ በሚያጎርሱት ጠመንጃ ላይ አንድ ወሳኝ ልክ አለ፤ ከተዘጋው መቀርቀሪያ ፊት እስከ ጥይቱ ማረፊያ ያለው ርቀት። ከሰፋ ቀለሁ ሊቀደድ ይችላል፤ ከጠበበ መቀርቀሪያው አይዘጋም። በተለመደው አሠራር በርሜሉ የሚቆመው በራሱ ትከሻ ላይ ስለሆነ፣ ልኩን ለማግኘት በጥንቃቄ መቁረጥና ደጋግሞ መለካት ግድ ነው።

ብሩወር በትከሻው ፋንታ ዳዶ አስገባ። በርሜሉ በጥርሱ እየዞረ ይገባል፤ መለኪያው ልክ መሆኑን ሲያሳይ ዳዶው ይጠብቃል።

ሁለተኛው ብልሃት የመቀርቀሪያውን ራስ ከግንዱ መለየት ነው። ራሱ በመጠኑ ስለሚላወስ ከበርሜሉ ጋር ተስተካክሎ ይቀመጣል። የቀለሁ ግርጌ ስፋት ለሚለያይ የጥይት ዓይነትም ፋብሪካው የመቀርቀሪያውን ራስ ብቻ ይቀይራል እንጂ መቀርቀሪያውን በሙሉ እንደ አዲስ አይሠራም።

ጠመንጃው ርካሽ ቢሆንም ዒላማ አይስትም የሚል ስም አትርፏል፤ ዛሬም ይመረታል። ሌሎች አምራቾችም በርካሽ ሞዴሎቻቸው ላይ ዳዶውን ተጠቅመውበታል።

ለዲዛይነሮች የምመክረው፦ እያንዳንዱን ክፍል እንከን የለሽ ለማድረግ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት፣ ስህተቱ ሲገጣጠም የሚታረምበትን አንድ ቦታ ፈልጉ።