በእርሳስ ወይስ በእስክሪብቶ?

የእኔ ሥራ ሂሳብ ነው፤ መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ከማስፈሬ በፊት በእርሳስ እሞክራለሁ።

ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሲጫንም እንዲሁ ነው። ዲስኩን ስትከፋፍሉ መጀመሪያ የምታዩት ዕቅድ ብቻ ነው። ተሳሳታችሁ? ለውጡን የሚሰርዘውን ምረጡ፤ ዲስኩ ገና አልተነካም።

በመጨረሻ «ለውጦቹ ዲስኩ ላይ ይጻፉ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። «አዎ» ካላችሁ በኋላ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፋይል ያለበትን የቆየ ክፍል ማሳነስ እስከ መጨረሻው ጥያቄ አይቆይም፤ እሺ እንዳላችሁት ወዲያው ይጻፋል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ፎቶውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ እናት አባታችሁን አስፈቅዱ፣ ዝርዝሩን ሁለቴ አንብቡ። «አዎ» የሚባለው ከዚያ ነው።