ስለ እስራኤል ሠፈር ሥርዓትና ስለ ሸክማቸው አከፋፈል

እስራኤል ከግብጽ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፥ በሁለተኛው ወር፥ በሲና ምድረ በዳ ሳሉ እግዚአብሔር ሕዝቡን ይቈጥር ዘንድ ሙሴን አዘዘው። ዕድሜው ከ፳ ዓመት ጀምሮ ለሰልፍ የሚወጣው ወንድ ከሌዋውያን በቀር ቢቈጠር ፮፻፫ ሺህ ከ፭፻፶ ሆነ (ዘኍ. ምዕ. ፩)። ይህን ያህል ሕዝብ ያለ ሥርዓት ቢሰፍር፥ ጠላት ሳይነካው በገዛ ግፊያው ባለቀ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነገድ ስፍራው ተወሰነለት።

አሰፋፈሩም እንዲህ ነው። ደብተራ ኦሪት በመካከል ትተከላለች። በምሥራቅ ይሁዳ ከይሳኮርና ከዛብሎን ጋራ፥ በደቡብ ሮቤል ከስምዖንና ከጋድ ጋራ፥ በምዕራብ ኤፍሬም ከምናሴና ከብንያም ጋራ፥ በሰሜን ዳን ከአሴርና ከንፍታሌም ጋራ በየዓላማቸው ይሰፍራሉ። ከእነርሱ ወደ ውስጥ፥ በደብተራይቱ ዙሪያ፥ በምሥራቅ ሙሴና አሮን ከነልጆቹ፥ በደቡብ ቀዓት፥ በምዕራብ ጌድሶን፥ በሰሜን ሜራሪ ይሰፍራሉ። ሌዋውያን ስለምን በመካከል ሆኑ ቢሉ፥ በማኅበሩ ላይ ቍጣ እንዳይወርድ ሊጠብቁ ነው።

ሠፈሩ ሲነሣ ጌድሶን መጋረጃውን፥ ሜራሪ ሳንቃውንና ምሰሶውን፥ ቀዓት ታቦቱን፥ ገበታውን፥ መቅረዙንና መሠዊያዎቹን ይይዛሉ። የነገድ አለቆች ፮ ሠረገላና ፲፪ በሬ ባመጡ ጊዜ ሙሴ ለጌድሶን ፪ ሠረገላ ከ፬ በሬ፥ ለሜራሪ ፬ ሠረገላ ከ፰ በሬ ሰጠ፤ ለቀዓት ግን አንድ ስንኳ አልሰጠም (ምዕ. ፯)። የከበረውን የያዘ እርሱ ሲሆን ስለምን ተከለከለ ቢሉ፥ ንዋየ ቅድሳት በትከሻ እንጂ በበሬ አይወሰድምና ነው። ክብሩ ሸክሙን አላቀለለለትም፤ አከበደበት እንጂ።

አካሄዳቸውንም ተመልከት። ይሁዳ አስቀድሞ ይነሣል፤ ጌድሶንና ሜራሪ ደብተራይቱን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ከሮቤል ሰልፍ በኋላ ቀዓት ንዋየ ቅድሳቱን ተሸክሞ ይከተላል። ይህም እርሱ እስኪደርስ ደብተራይቱ ተተክላ እንድትቆይ ነው (ምዕ. ፲)። እንግዲህ ሳንቃ የሚጭነው ሜራሪ ቢዘገይ ለንዋየ ቅድሳቱ ማደሪያ አይገኝም ነበር። ታላቁ ያለ ታናሹ አይጸናም።

ይህ ሥርዓት በተዘነጋ ጊዜ የሆነው በዳዊት ዘመን ታየ። ታቦቱን ከአሚናዳብ ቤት በአዲስ ሠረገላ ጭነው በመሰንቆና በከበሮ አወጡት። ዝማሬው አልጐደለም፤ የጐደለው ትከሻ ነው። በሬዎቹ ቢፋንኑ ዖዛ እጁን ዘርግቶ ታቦቱን ያዘ፥ በዚያውም ሞተ (፪ ሳሙ. ምዕ. ፮)። ዖዛ ለበጎ አስቦ ስለምን ተቀሠፈ ቢሉ፥ ታቦቱን መንካት በሕግ ተከልክሏልና። አንድም ጥፋቱ እጁን በዘረጋበት ሰዓት አልጀመረም፤ ታቦቱ በሠረገላ በተጫነበት ሰዓት ጀመረ እንጂ። ሥርዓት ከላይ ሲፈርስ ጕዳቱ ከታች ባለው ላይ ይወድቃል።

ዳዊት ግን ስሕተቱን በሌላ አላመካኘም። ታቦቱ በአቢዳራ ቤት ፫ ወር ከተቀመጠ በኋላ ሌዋውያንን ጠርቶ፥ አስቀድሞ እንደ ሥርዓቱ እንዳልፈለጉት ተናግሮ፥ ሙሴ እንዳዘዘ በመሎጊያ በትከሻቸው አሸከማቸው (፩ ዜና መዋ. ምዕ. ፲፭)።

እንግዲህ ካህናትም መኳንንትም ሆይ፥ ሹመት የተቀበለ ሁሉ ሠረገላ አይፈልግ፤ ትከሻውን ያዘጋጅ። በእርሱ ቸልታ ሌላው እንዳይወድቅ ይፍራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።