የመርየም አሳዳጊና የዒሳ (ዐ.ሰ.) ክብር

ጉኑኖን በመሰለ፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በሚኖርበት የወላይታ ምድር፣ የምንረዳቸው ልጆች «የእኛ ዒሳና የእነርሱ ኢየሱስ አንድ ናቸውን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱ ከየቲም ጉዳይ ይጀምራል።

ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት የመርየም አባት ዒምራን የሞተው እርሷ ከመወለዷ በፊት ነው። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን እንደሚገልጸው ማን ያሳድጋት በሚለው ሰዎች ተከራከሩ፤ ብዕሮቻቸውንም ጥለው ዕጣ ተጣጣሉ። አሳዳጊነቱ ለነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ደረሰ። ቁርኣን ለዚህ የተጠቀመበት ቃልና ዛሬ «ከፋላ» የምንለው ሥራቸው አንድ ነው። የቲምን ማሳደግ ሰዎች የተሽቀዳደሙበት ክብር እንጂ የሸሹት ሸክም አልነበረም። መርየም በዘከሪያ ጥበቃ ብታድግም ቁርኣን የሚጠራት የዒምራን ልጅ ብሎ ነው፤ ከፋላ የልጁን ዘር አይለውጥምና።

ከእርሷም ዒሳ (ዐ.ሰ.) ያለ አባት ተወለዱ። በእኛ እምነት መሲሕ፣ የአላህ ቃልና መልእክተኛ ናቸው፤ አምላክ ወይም የአምላክ ልጅ ግን አይደሉም። ያለ አባት መወለዳቸው፣ እንደ አደም አፈጣጠር ሁሉ፣ የአላህ ችሎታ ምልክት ነው። አልተሰቀሉም፤ አላህ ወደ ራሱ አነሳቸው፤ ወደፊትም ይመለሳሉ።

የሲራ መጻሕፍት እንደሚዘግቡት፣ በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው የሐበሻ ስደት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ለክርስቲያኑ ነጃሺ ያነበቡት ከሱረቱ መርየም ነበር። እምነታቸውን አልሸሸጉም፤ አስተናጋጃቸውንም አላቃለሉም። እኛም ለልጆቻችን እንዲሁ እንመልስ። አላህ ከየቲም አሳዳጊዎች ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።