የእናታችን ድምፅ ከአሮጌ ዲስክ ወደ ሚሞሪ

ማረሻ ቢዶለዱም ሞፈሩና ቀንበሩ አይጣልም። ማረሻው ብቻ ይሳላል፤ ካልሆነም ይለወጣል። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ሲበላሽ ግን ብዙዎቻችን «በቃ፣ ሞቷል» ብለን እንጥለዋለን። ከውስጡ የሞተው የትኛው ክፍል ነው ብለን አንጠይቅም።

ዛሬ የምነግራችሁ ይህን ጥያቄ ስለ ጠየቀ አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ የእኅቴ ልጅ ነው።

ባለፈው ዓመት ታላቅ እኅቴ ከነልጇ ከአሜሪካ ለበዓል ደሴ መጣች። ከቦርሳዋም አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ አወጣች። ማጫወቻዋ ከእጅ መዳፍ አትበልጥም። ፊቷ ነጭ ነው፤ ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። ስሟ አይፖድ ይባላል።

«ይኸው አልሠራም ብላኛለች» አለች እኅቴ።

ስትከፈት ከውስጧ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። በመስታወቷም ላይ ያዘነ ፊት ያላት የአይፖድ ሥዕል ይታያል።

እኅቴ የተጨነቀችው ለዘፈኑ አልነበረም። ለእናታችን ድምፅ ነበር።

እናታችን ፊደል አልቆጠረችም። እኅቴ አሜሪካ ከሄደች በኋላ ደብዳቤ የምትልክላት በካሴት ነበር። ቴፑን አስከፍታ ትናገራለች፤ ካሴቱም በመንገደኛ እጅ ይሄዳል። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚያደርግ ቤተሰብ ብዙ ነበር። ከእነዚያ ካሴቶች የተረፈው አንድ ብቻ ነው። እኅቴ የዚያን ካሴት ድምፅ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር፣ ቀጥሎም ወደ አይፖዷ አስገለበጠች። በኋላ የካሴቱ ክር ተበጠሰ። ኮምፒውተሩም አረጀና ተጣለ። እናታችንም ዐረፈች። ድምጿ የቀረው በዚህች ዕቃ ውስጥ ብቻ ነበር።

ዕቃዋ ምንድን ናት?

አይፖድን የሠራው አፕል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያዋ አይፖድ የታየችው በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ነበር። 5 ጊጋባይት ትይዝ ነበር። ጊጋባይት ምንድን ነው? እህል በኩንታል እንደሚለካ፣ በኮምፒውተርና በስልክ የሚቀመጥ ነገርም በጊጋባይት ይለካል። በዚያ በ5 ጊጋባይት 1000 ያህል ዘፈን ይቀመጥ ነበር።

የእኅቴ አይፖድ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከወጣው ዓይነት ናት። 30 ጊጋባይት ትይዛለች። ኩባንያው ዲስክ ያላቸውን አይፖዶች መሸጥ ያቆመው በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ደግሞ አይፖድን ጨርሶ እንደሚተው አስታወቀ። እንግዲህ ከፋብሪካ አዲስ አይገኝም ማለት ነው። የሚያዋጣው ያለውን መጠገን ነው።

ለምን ቀጭ፣ ቀጭ አለች?

በዚህች አይፖድ ውስጥ ሃርድ ዲስክ የሚባል ክፍል አለ። ሃርድ ዲስክ እንደ ትንሽ ምጣድ ክብ ሆኖ የሚሽከረከር ሳህን አለው። የሳህኑ ስፋት 4 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። በ1 ደቂቃ 4200 ጊዜ ይዞራል። በ1 ሰኮንድ 70 ጊዜ መሆኑ ነው። ከሳህኑ በላይ አንዲት ቀጭን ክንድ አለች። በክንዷ ጫፍ ያለችው አንባቢ ሳህኑን ሳትነካ በጣም ተጠግታ የተጻፈበትን ታነባለች። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው።

ታዲያ ዕቃው ቢወድቅ ወይም ቢያረጅ ምን ይሆናል? ክንዷ የምትፈልገውን ቦታ ታጣለች። ወደ ኋላ ትመለስና እንደገና ትሞክራለች። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይህ ነው። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ዲስኩ ሊሞት መቃረቡን ይወቅ።

ፍላሽ የሚባለው ማስቀመጫ ግን የሚዞር ነገር የለውም። በውስጡ እንደ ጎተራ የተከፋፈሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ኤሌክትሪክ ይይዛል። ባትሪው ቢወጣም የተቀመጠው ነገር አይጠፋም። ይህን የፈጠረው ፉጂዮ ማሱኦካ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። በ1977 ዓ.ም. ለባለሙያዎች አሳየው። ይሠራ የነበረውም ቶሺባ በሚባለው ኩባንያ ነበር። የሚገርመው፣ በእኅቴ አይፖድ ውስጥ የነበረው ዲስክም የቶሺባ ሥራ ነው። በስልካችሁ ውስጥ የምታስገቡት ሚሞሪ ካርድም ፍላሽ ነው።

በመጀመሪያ ድምፁ ይውጣ

የእኅቴ ልጅ ዕቃዋን ለመፍታት አልቸኮለም። እናቱ ደግማ ልትከፍታት ስትል እጇን ያዘ።

«ተይ እማዬ፣ በከፈትሻት ቁጥር ዲስኩ ይጎዳል። ዲስኩን ብንለውጥ አይፖዷ ትድናለች። የአያቴ ድምፅ ግን ከአሮጌው ዲስክ ጋር ይወጣል። አዲሱ ማስቀመጫ ባዶ ነው» አላት።

ከዚያም በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኛት። ቀጭ፣ ቀጭ አለች። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኮምፒውተሩ አወቃት።

አይፖድ ዘፈኖቹን የምታስቀምጠው በተሰወረ ቦታ ነው። ስማቸውንም ትለውጣለች። ልጁ የተሰወረውን ቦታ ከፍቶ ሲያይ ያገኘው ትርጉም የሌላቸው ባለ 4 ፊደል ስሞች ብቻ ነው። ታዲያ የእናታችን ድምፅ የትኛው ነው?

«አጎቴ፣ ያ ካሴት ስንት ደቂቃ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ነው» አልሁት።

«ዘፈን 5 ወይም 6 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ከሁሉ ትልቁን ልፈልግ» አለ። ሁሉንም በመጠን ደረደራቸው። ከላይ ያለውን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠው። ቀጥሎም ዘፈኖቹን መገልበጥ ጀመረ። ግማሽ ያህሉን እንደ ገለበጠ ዲስኩ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ከዘፈን ጀምሮ ቢሆን ኖሮ የእናታችን ድምፅ ላይደረስበት ይችል ነበር።

ዲስኩ እንዴት ተለወጠ?

1. ልጁ ከደሴ ገበያ ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ገዛ። አዳፕተር የምትባለውን ትንሽ ሰሌዳ ከአሜሪካ ይዞ መጥቶ ነበር። አዳፕተሯ በአንድ ወገን ካርዱን ትይዛለች፤ በሌላው ወገን የአይፖዷን ገመድ ትቀበላለች።

2. የአይፖዷን ጠርዝ በቀጭን ፕላስቲክ ቀስ እያለ ከፈተ። በቢላዋ ቢሆን ይጎዳት ነበር። ፊቷንና ጀርባዋን የሚያገናኙ ሁለት ስስ ገመዶች አሉ። አንዱ የባትሪው ነው፤ ሌላው የጆሮ ማዳመጫው ነው። በድንገት የጎተተ ሰው ይበጥሳቸዋል።

3. ባትሪውን ከነቀለ በኋላ የዲስኩን ገመድ የያዘችውን ትንሽ መቆለፊያ በጥፍሩ አነሣ። ገመዱን ሳበና ዲስኩን አወጣ።

4. ካርዱን ከነአዳፕተሯ በዲስኩ ቦታ አስቀመጠ። ገመዱን አስገብቶ ቆለፈ። ባትሪውን መልሶ ዕቃዋን ዘጋ።

5. ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ አይፖዷን እንደ አዲስ አዘጋጃት። ከዚያም የተረፉትን ዘፈኖችና የእናታችንን ድምፅ ጫነባት።

አሁን ዕቃዋ ቀለለች። ብትወድቅም የሚጋጭ ሳህን በውስጧ የለም። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለም ባትሪዋን ከድሮው ይበልጥ ትቆጥባለች።

ማታ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ተቀመጥን። ልጁ ድምፁን ከፈተው። በመጀመሪያ ዶሮ ሲጮህ ተሰማ። ቀጥሎ እናታችን «ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? በልተሽ ታድሪያለሽ?» አለች። እኅቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ አደረገች። ልጁ የአያቱን ድምፅ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

አይፖድ በቤታችሁ ላይኖር ይችላል። ሚሞሪ ካርድ ያለው ስልክ ግን በብዙ ቤት አለ። በካርዱ ላይ የአባት ምርቃት፣ የሠርግ ዘፈን፣ የልጅ ፎቶግራፍ ይኖራል። ፍላሽም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሲጻፍበትና ሲጠፋበት ያረጃል። በገበያም ላይ የሐሰት ካርድ አለ። 64 ተብሎ ተጽፎበት የሚይዘው ከዚያ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ከእውነተኛ መጠኑ በላይ ሲጫንበት የተቀመጠው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ካርድ ስትገዙ በደንብ ጫኑበትና መልሳችሁ ክፈቱት። የማይተካ ነገር ካላችሁ ደግሞ በሁለት ቦታ አስቀምጡት። አንዱን ለዘመድ ስጡ።

ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ የሚያስቀምጥ ገበሬ በአንድ ቀን እሳት ዘር አልባ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

እስቲ መልሱ

1. ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ያለው ለምንድን ነው?
2. ልጁ ዲስኩን ከመለወጡ በፊት ድምፁን ያወጣው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ውስጥ በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ የማይተካ ድምፅ ወይም ፎቶግራፍ አለ? ሁለተኛውን የት ታስቀምጡታላችሁ?