ለእባብም ጋብቻ ጊዜ አለው!

«እባብ» ሲባል ዱላ ፍለጋ የምንሮጥ ብዙዎች ነን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አሜሪካና አውሮፓ ግን እባብን እንደ ድመት ቤታቸው የሚያሳድጉ፣ አልፎ ተርፎም የሚያራቡ ሰዎች ሞልተዋል። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ኮርን ስኔክ በሚባለው ዓይነት ነው። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው። መርዝ የለውም፤ አይጥ ሲያገኝ ተጠምጥሞ አንቆ ይበላል።

ታዲያ እንዲራቡ ወንድና ሴቷን አንድ ሣጥን ውስጥ መጨመር ብቻ ይበቃል? ኧረ በፍጹም! የብዙ ጀማሪዎች ስህተት ችኮላ ነው። ዕዳውን የምትከፍለው ደግሞ ሴቷ ናት። ሰውነቷ ሳይጠና እንቁላል ከያዘች መጣል አቅቷት ሆዷ ውስጥ ሊቀርባት ይችላል። ያኔ የእንስሳት ሐኪም ቶሎ ካልደረሰላት መሞቷ ነው። ለዚህም ነው አርቢዎች ሦስት ጊዜ ሦስትን አትርሱ የሚሉት፦ ዕድሜዋ 3 ዓመት፣ ርዝመቷ 3 ጫማ (90 ሳንቲ ሜትር ገደማ)፣ ክብደቷ 300 ግራም።

ይህ ከተሟላ ቀጥሎ የሚመጣው ብርድ ነው። እነዚህ እባቦች በአገራቸው የብርዱን ወራት ጉድጓድ ገብተው ነው የሚያሳልፉት። አርቢውም ይህንኑ ያስመስላል። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ይከለክላቸዋል። ምክንያቱም ብርድ ላይ ሆድ ውስጥ የቀረ ምግብ አይፈጭም፤ ይበሰብስና ይገድላል። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጨለማ ቦታ ከ2 እስከ 3 ወር ይከርማሉ። ውኃ ግን መጥፋት የለበትም።

ወደ ሙቀት ሲመለሱ በደንብ ይቀለባሉ። ሴቷ ቆዳዋን ስትለውጥ ወንዱ ይገባል። ከተገናኙ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 እንቁላል ትጥላለች።

ልብ ይበሉ! ዶሮ እንቁላሏን ታገላብጣለች። የእባብን እንቁላል ያገላበጠ ግን ውስጥ ያለውን ጽንስ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ላይኛውን ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ እንደተቀመጠ ሳያዞሩ ማንሳት ነው። እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ በ28 ዲግሪ ገደማ ሲቆይ በ60 ቀን አካባቢ ይፈለፈላል። ትንሹ እባብ ቅርፊቱን ቀዶ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። አዘኑለት ብለው ጎትተው እንዳያወጡት! የቀረውን አስኳል እየጨረሰ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። እርስ በርስ እንዳይበላሉ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሣጥን ያስፈልጋል። ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊኖሩ የሚችሉ 20 እባቦችን ማን ይረከባል? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ወንዱን ባያስገባ ይሻለዋል።

ይህን አንብበው ከጫካ እባብ ለመያዝ የተነሡ ካሉ ደግሞ አደራ፣ ይተውት! እኛ አገር እፉኝትን የመሰለ መርዘኛ አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በእባብ የቸኮለ ግን የሚለቅመውም ላያገኝ ይችላል።